አምስት ቀዳዳ፣ አምስት ገመድ

ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ስዊች መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ ሁለት የክብሪት ቀፎ ጎን ለጎን ቢጋደም ያህለዋል። ከፊቱ አምስት ጥቃቅን መብራቶች ተደርድረዋል። ከጀርባው አምስት ቀዳዳዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ወርቃማ ሽቦዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ዳር ላይ አንድ ክብ የኤሌክትሪክ መግቢያ አለ። ሌላ ነገር የለውም። አንቴና የለውም፤ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ የለውም።

ጎረቤቴ ይህን ስዊች የመረጠው ቀዳዳዎቹን ቆጥሮ ነው። ባለ ስምንቱ በዋጋ ብዙም አይርቅም ነበር። እሱ ግን የሚያገናኘው አምስት ኮምፒውተር ነው፤ አራቱ የልጆች፣ አንዱ ጨዋታውን የሚይዘው ሰርቨር። አምስቱ ገመዶች ሲሰኩ ስዊቹ ይሞላል። ከቤቱ ኢንተርኔት ለሚመጣ ገመድ የሚተርፍ ስድስተኛ ቀዳዳ የለም።

«ቁልፍ የሚያስፈልገው በር ሲኖር ነው» አለኝ፤ ስዊቹን ከእጄ ተቀብሎ እያገላበጠ።

የሚተዳደረው በኔትወርክ ዝርጋታ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለው። ከደረጃው ማዶ ያሉት ሁለት እህትማማቾችም ከዚያ ቤት አይጠፉም። አራቱም፣ ትልልቅ ልጆች በስልክ ከሩቅ ሰው ጋር የሚጫወቱትን አይተው አምሯቸዋል። እሱም አይቶታል። በእነዚያ ጨዋታዎች ውስጥ የማይታወቅ ሰው ከልጅ ጋር ይጻጻፋል፤ በድምፅም ያወራል። ማስታወቂያ ይገባል፤ በእውነተኛ ብር የሚገዛ ዕቃ ይቀርባል። መከልከል ይችል ነበር። እሱ ግን ከጨዋታው ውስጥ ጥሩውን ነጥሎ ለማውጣት ተነሣ፤ አራት ልጆች አንድ ዓለም ውስጥ ገብተው አብረው ቤት የሚሠሩበትን ክፍል። ሦስት ቅዳሜ አጠገቡ ተቀምጬ ሥራውን አየሁ።

የጀመረው ከገመዱ ነው። ካት 5ኢ የሚባለውን በሜትር ገዛ። ተሠርቶ የሚሸጥ ገመድ ልኩን ይዞ ይመጣል፤ የእሱ ጠረጴዛ ደግሞ የራሱ ልክ አለው። ርዝመቱን የለካው በክር ነው። ክሩን ከስዊቹ አስነሥቶ በጠረጴዛው ጠርዝ ሥር አስኬደ፤ ጥጉ ላይ ሳያጥፈው በሰፊው አዞረ፤ ላፕቶፑ ጋ አደረሰው። ገመድም እንደዚያው ነው፤ ጥጉ ላይ እንደ ወረቀት ከታጠፈ ውስጡ ይጎዳል። ክሩ የሰጠው ልክ ላይ አንድ ስንዝር ጨመረ። ስንዝሯ ለስሕተት ናት። ጫፉ ቢበላሽ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል።

ከጫፉ ግራጫውን ልባስ ወደ 3 ሴንቲሜትር ያህል ገፈፈ። ምላጩ ልባሱን ዙሪያውን ጫረው እንጂ አልቆረጠውም። ገመዱን ሲያጥፈው ልባሱ በጭረቱ ላይ ራሱ ተከፈተ። ይህን የሚያደርገው ምላጩ ከሥር ያሉትን ሽቦዎች እንዳይነካ ነው። ውስጡ ስምንት ሽቦ አለ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ አራት ጥንዶች። የእያንዳንዱ መዳብ ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ጥንዶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ አሳየኝ። አንዱ ጠበቅ ብሎ፣ አንዱ ላላ ብሎ ተገምዷል። ጥጥ ስትፈትል ያደገች ሴት ብታየው እጁ ያልረጋ ሰው ሥራ ይመስላታል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አራቱም እኩል ቢጠማዘዙ ኖሮ የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ይሾልክ ነበር። አገማመዳቸው ስለሚለያይ አንዱ ሌላውን አይረብሽም። ስለዚህ ሽቦዎቹን መሰኪያው ውስጥ ለማስገባት ሲፈታቸው ይሠሥታል። የሙያው ደንብ የሚፈቅደው እስከ 13 ሚሊሜትር ነው። እሱ 10 ላይ ያቆማል።

ከዚያ ቀለሙን ያሰልፋል። ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ሦስተኛና ስድስተኛ ቦታ ላይ ተለያይቶ ሰማያዊውን ጥንድ መሃል አድርጎታል። ይህ ከስልክ የተወረሰ ነው። በስልክ መሰኪያ መሃል ያሉት ሁለት ነጥቦች የአንድ ጥንድ ናቸው። የኔትወርኩ መሰኪያም ሲሠራ ያንን መሃል ሳይነካ ሌላውን ጥንድ ግራና ቀኝ አስቀመጠ። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እነዚህ አረንጓዴዎች ላይ ነው።

ስምንቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አስተኝቶ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ አቃናቸው። እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሲሆኑ ጫፋቸውን በአንድ ምት ቆረጠ። አርጄ 45 የሚባለው መሰኪያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሽቦ አንድ ቦይ አለ፤ ከአንዱ ቦይ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሽቦዎቹን ገፍቶ መሰኪያውን በጫፉ በኩል አየው። ፕላስቲኩ እንደ መስታወት ስለሚያሳይ ስምንት የመዳብ ነጥቦች ግድግዳውን ነክተው ይታያሉ። አንዱ መሰኪያ ላይ ሰባቱ ደርሰው አንዱ ትንሽ ቀረ። አውጥቶ እንደገና ቆረጠው።

መሰኪያውን የሚነክሰውን መቆንጠጫ፣ ክሪምፐሩን፣ ከመጭመቁ በፊት ያየው ልባሱን ነው። ግራጫው ልባስ መሰኪያው ውስጥ መግባት አለበት። ክሪምፐሩ ሲጨመቅ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። ከፊት ስምንት የብረት ምላሶች ወርደው እያንዳንዱን ሽቦ ይወጋሉ። ከኋላ አንዲት የፕላስቲክ ሽብልቅ ወርዳ ልባሱን ትነክሳለች። የልጅ እግር ገመዱን ቢጠልፈው ጉተታው ልባሱ ላይ ያርፋል፤ ሽቦዎቹ አይሰሙትም። ልባሱ ውጪ የቀረ መሰኪያም ዛሬ ይሠራል። የሚበላሸው ልጆቹ ጨዋታ መሃል ሲሆኑ ነው።

አራት ገመድ እንዲህ ተሠራ። አምስተኛውን በልኩ ቆረጠና ጫፎቹን ሳይነካ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

ቀጥሎ የመብራት ነገር መጣ። ላፕቶፖቹ ያገለገሉ ቢሆኑም ባትሪያቸው ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ባዶ እጁን የሚቀረው ስዊቹ ነው፤ እሱ ከሞተ ደግሞ አምስቱ ላፕቶፖች ቢበሩም አይገናኙም። ጎረቤቴ ስዊቹን ገልብጦ ከሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። 5 ቮልት፣ 0.6 አምፔር። የላፕቶፕ ዩኤስቢም የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። አሮጌው የዩኤስቢ ዓይነት ግን 0.5 አምፔር ላይ ያቆማል፤ አይበቃም። ውስጡ ሰማያዊ የሆነው አዲሱ ዓይነት 0.9 ይሰጣል። ሰርቨር እንዲሆን የመረጠው ላፕቶፕ አንድ ሰማያዊ ቀዳዳ አለው። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ክብ መሰኪያ ያለው አጭር ሽቦ ፈልጎ ስዊቹን ከዚያ አበራው። ከዚያ በኋላ ስዊቹ በሰርቨሩ ባትሪ ይኖራል። ሰርቨሩ እስካለ ድረስ መንገዱም አለ።

ኮምፒውተሮቹ እንዲተዋወቁ አድራሻ ያስፈልጋቸዋል። በተለምዶ አድራሻ የሚያድለው ራውተር ነው። እዚህ ራውተር ስለሌለ በየላፕቶፑ እየተቀመጠ በእጁ ጻፈ። ሰርቨሩ 192.168.77.1 ሆነ፤ ልጆቹ ከ2 እስከ 5 ያለውን ያዙ። በ192.168 የሚጀምሩ 65,536 አድራሻዎች በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ስምምነት ለግል መረብ የተተዉ ናቸው። በየአገሩ ያሉ ቤቶች ያንኑ ቁጥር ይጠቀማሉ፤ አይጋጩም። አደባባዩ ኢንተርኔት አይቀበላቸውምና ከግቢያቸው አይወጡም።

ከአድራሻው ሥር ማስክ የሚባለው ቁጥር አለ። መረቡ ስንት መሣሪያ እንደሚይዝ የሚወስነው እሱ ነው። አብዛኛው ሰው 255.255.255.0 ብሎ ያልፋል፤ 254 መሣሪያ ያስተናግዳል። እሱ 255.255.255.248 ጻፈ። ይህ ስምንት ቁጥር ብቻ ይሰጣል። የመጀመሪያው የመረቡ መጠሪያ፣ የመጨረሻው ለሁሉም የሚደርስ ጥሪ ስለሆኑ ለመሣሪያ የሚቀሩት ስድስት ናቸው። አምስቱ ተይዘዋል። ስድስተኛው ለጥገና የሚያመጣው የራሱ ላፕቶፕ ነው። ቁጥር ተርፎለታል፤ ቀዳዳ ግን አልተረፈለትም። ለመግባት የአንዱን ልጅ ገመድ መንቀል አለበት፤ ልጁም ያያል።

ከማስኩ ሥር ደግሞ ጌትዌይ የሚባል ሳጥን አለ። ከቤት ወደ ውጪ የሚያወጣው በር አድራሻ የሚጻፈው እዚያ ነው። ጠቋሚውን እዚያ አሳርፎ ባዶ መሆኑን አረጋገጠና አለፈ። አምስት ኮምፒውተር ላይ አምስት ጊዜ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ውጪ አድራሻ ምልክት ላከ። መረቡ ሊደረስበት እንደማይችል የሚናገር መልስ ወዲያው መጣ። በሥራ ቀን ይህን መልስ ለማጥፋት ነው የሚደክመው። ቀጥሎ ወደ ሰርቨሩ ላከ። ምልክቱ ደርሶ ለመመለስ 1 ሚሊሰከንድ አልሞላም።

የቀረው ዋይፋይ ነበር። ላፕቶፖቹ ሁሉ መቀበያ አላቸው። ከስክሪኑ ላይ ማጥፋት ቀላል ነው፤ መልሶ ማብራቱም እንዲሁ ቀላል ነው። እሱ ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ በሚከፈተው ባዮስ ገብቶ መቀበያውን ከሥሩ ዘጋው፤ ባዮሱንም በይለፍ ቃል ቆለፈ። እዚህ በር ስለነበረ ቁልፍ አስፈለገው።

ጨዋታው ሉዋንቲ ይባላል። ፔርቱ አሆላ የተባለ ፊንላንዳዊ በ2010 እ.ኤ.አ. ማይንቴስት ብሎ የጀመረው ነው፤ አዲሱን ስም ያገኘው በ2024 ነው። ነፃ ነው፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል። ለመጫወት ኢሜይልም ሆነ በኩባንያ የሚያዝ መዝገብ አይጠይቅም። ዓለሙ በሜትር ኩብ የተከፋፈለ ነው፤ አፈር፣ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ውሃ። ልጅ ይቆፍራል፣ ያነሣል፣ ይደረድራል። በሉዋንቲ ላይ የሚጫኑ ብዙ ዓይነት ጨዋታዎች አሉ። ጎረቤቴ የመረጠው ማይንቴስት ጌም የሚባለውን ነው፤ በውስጡ ጭራቅም አውሬም የለም። ከራሱ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ በፍላሽ አመጣው።

ሰርቨሩ የሚመራው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። በየመስመሩ አንድ ስም፣ የእኩል ምልክት፣ አንድ ዋጋ። እሱ ሲሠራ አጠገቡ ሆኜ መስመር በመስመር አነበብኩት።

አንዱ መስመር ሰርቨሩ ራሱን በዓለም አቀፉ ዝርዝር ያስተዋውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ካልተነካ መልሱ «አይ» ነው። እሱ ግን «አይ» ብሎ ጻፈው፤ ነገ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ታስቦበት እንደተደረገ እንዲያውቅ። ሌላው ስንት ተጫዋች በአንዴ ይግባ ይላል። 15 ነበረ፤ 4 አደረገው። ሌላው ተጫዋቾች ይጎዱ እንደሆነ ይጠይቃል። እሱንም «አይ» አለው፤ ከገደል የወደቀ ልጅ ተነሥቶ ይሄዳል። የዓለሙ ጠርዝ ከመሃሉ በየአቅጣጫው ወደ 31,000 ሜትር ይርቃል። ወደ 400 አወረደው። አራት ልጆች በዚህ ውስጥ ይራራቃሉ እንጂ አይጠፋፉም።

አዲስ ተጫዋች ሲገባ ሁለት መብት ይሰጠዋል። አንዱ ነገር መንካት ነው፤ መቆፈርና መደርደር። ሁለተኛው በጽሑፍ ለሌሎች መናገር ነው። ጎረቤቴ ሁለተኛውን ሰረዘው። አራቱ ልጆች የሚቀመጡት ክንድ ለክንድ ነው፤ የሚነጋገሩት በአፋቸው ነው። አንዱ ቢሳደብ እናቱ ትሰማለች። አንዱ ቢያለቅስ ሌሎቹ ፊቱን ያያሉ።

ልጆች ሲገቡ የሚታየውን ጽሑፍ በአማርኛ ጻፈ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። የሌላውን ቤት ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁት።» ጨዋታው ይዞት የሚመጣው የፊደል ቅርጽ ግዕዝን አያውቅም፤ ባዶ ሳጥን ያሳያል። አቢሲኒካ የሚባለውን ፊደል በአራቱም ላፕቶፖች ጫነና የፊደሉን መንገድ ወደዚያ አዞረ። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ።

ከሁሉ ይልቅ ያስቆመኝ የሰዓቱ መስመር ነው። በጨዋታው ጊዜ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ይፈጥናል፤ አንድ ቀንና ሌሊት በ20 ደቂቃ ያልቃል። ጎረቤቴ 72ን አጥፍቶ 6 ጻፈ። ለምን 6 እንደሆነ በወረቀት አሳየኝ። ልጆቹ የሚጫወቱት ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት በ6 ሲባዛ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ከንጋት እስከ ማታ ያለው ቀን። ጨዋታው ሊጀመር ሲል በሰርቨሩ ኪቦርድ የዓለሙን ሰዓት ንጋት ላይ ያቆመዋል። ልጆቹ ሲገቡ ፀሐይ ትወጣለች። 11 ሰዓት ላይ አናት ላይ ናት። 12 ሰዓት ሲቃረብ ስክሪኑ ውስጥ ይጨልማል፤ በዚያው ሰዓት በመስኮቱም በኩል የአዲስ አበባ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች።

አሥር ደቂቃ ሲቀር ሰርቨሩ በ600 ሰከንድ እንዲዘጋ ያዝዘዋል። ሰርቨሩ የቀረውን ጊዜ ራሱ ይናገራል፤ በ300፣ በ180፣ በ120፣ በ60፣ እየቀረበ ሲሄድም እየደጋገመ። አባት ከሳሎን መጥቶ «በቃ» ማለት አይኖርበትም። መሽቷል።

ጠረጴዛው የአንድ ቺፕውድ ሙሉ ርዝመት ነው፤ 244 ሴንቲሜትር። በወርዱ 50 አድርጎ አስቆረጠው። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 61 ሴንቲሜትር ይደርሰዋል። ላፕቶፑ 34 ይወስዳል፤ 27ቱ ለማውሱና ለክርን ነው። ከእህትማማቾቹ ታናሿ ግራኝ ናት። በግራ ጫፍ አስቀመጣት፤ ማውሷ ከጎረቤቷ ማውስ ጋር አይጋጭም። ጠረጴዛው ግድግዳውን ተጠግቷል፤ የልጆቹ ጀርባ ወደ ክፍሉ ነው። እናት ወጥ እያማሰለች ቀና ስትል አራቱንም ስክሪን በአንድ እይታ ታያለች። የ7 ዓመቱ ልጅ እግር መሬት ስለማይደርስ ከሥሩ የእንጨት ሣጥን ተደርጎለታል። የጆሮ ማዳመጫ የለም።

እንዲህ መቀመጥ የጨዋታው የቆየ ልማድ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ሂጊንቦተም በአሜሪካ ብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ውስጥ በኦሲሎስኮፕ መስታወት ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሲሠራ ሁለት መቆጣጠሪያ ነው ያበጀለት፤ ተጫዋቾቹ አንድ መስታወት ላይ ያያሉ። በ1993 የወጣው ዱም ኮምፒውተሮችን በቤት ውስጥ መረብ አያይዞ እስከ አራት ሰው ያጫውት ነበር። በእኛ ሰፈር ደግሞ ጆተኒ አለ። ዘንጉን ይዞ ትከሻ ለትከሻ የተገፋፋ ሰው ከማን ጋር እንደሚጫወት ያውቃል። ጎረቤቴ የሠራው ያንን ነው፤ በሜትር ኩብ የተሠራ ጆተኒ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሦስት ልጆች ገቡ፤ የልጅቷ ገመድ ገና ስላልተሠራ ከወንድሟ ጋር እየተፈራረቀች ተጫወተች። 11 ሰዓት ከሩብ ግድም መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣው ዝም አለ። ስክሪኖቹ ትንሽ ፈዘዙ እንጂ አልጠፉም። የስዊቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለታቸውን አላቋረጡም። ልጆቹ ድልድይ እየሠሩ ነበር፤ ማንም ቀና አላለም። ሰርቨሩ የተለወጠውን የዓለሙን ክፍል በየ5.3 ሰከንዱ ወደ ዲስክ ይጽፋል። ባትሪውም ቢያልቅ የሚጠፋው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሁለት ሦስት ድንጋይ።

በዚያው ቀን ታላቂቱ እህት የትንሹን ልጅ ግንብ አፈረሰች። ሳታውቅ ነው አለች፤ እሱ ሆን ብላ ነው አለ። ጎረቤቴ ሰርቨሩ ማን ምን እንዳነሣና እንዳኖረ እንዲመዘግብ ቀድሞ አዝዞታል። ባልተነካ ሰርቨር ይህ መዝገብ ዝግ ነው። የልጅቷን ስም ጻፈ፤ 120 ሰከንድ ብሎ አከለ። ባለፉት ሁለት ደቂቃዎች ያደረገችው ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። ግንቡ ቆመ። ልጁ ዕንባውን ጠርጎ ግንቡን ዞሮ አየው፤ አንድ በአንድ ቆጠረው። ሙሉ ነበር።

በጨዋታው ውስጥ ከሚሠሩት ሳጥኖች አንዱ ደግሞ ልጆቹን ለብዙ ጊዜ ያዛቸው። ስምንት ጣውላ በካሬ ተደርድሮ መሃሉ ላይ አንድ የብረት ቡችላ ሲገባ የሚቆለፍ ሳጥን ይሆናል፤ ካኖረው ልጅ በቀር ማንም አይከፍተውም። ጥልቅ ቆፍሮ ወርቅ ያገኘ ልጅ ደግሞ ቁልፍ ይሠራል፤ ቁልፉን ለፈለገው ይሰጣል። እህትማማቾቹ ከመቆለፍ ይልቅ ቁልፍ መስጠቱን ወደዱት። ወርቅ ፍለጋ አብረው ወረዱ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ስደርስ የተጠቀለለው ገመድ ከመሳቢያው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ልጅቷ ወንበር ላይ ተንበርክካለች። አባቷ አጠገቧ ቆሟል፤ እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

ልባሱን እሱ ጫረላት፤ ከዚያ በኋላ አልነካም። ጥንዶቹን ፈታች። ቀለሙን እያነበበች አሰለፈች። ጣቶቿ ትንንሽ ስለሆኑ ስምንቱን በአንድ ላይ ለመያዝ ተቸገረች፤ አራት ጊዜ ተበተኑባት። ባቃናችና በቆረጠች ቁጥር መሰኪያውን ወደ መስኮቱ ይዛ ነጥቦቹን ቆጠረች። ክሪምፐሩን በሁለት እጇ ጨመቀች፤ ሲያቅታት መሬት ላይ አቁማ በጉልበቷ ተጫነችው። አንዱ ጫፍ አለቀ። ሌላውንም ሠራች።

የገመዱ መመርመሪያ፣ ቴስተሩ፣ ሁለት ክፍል አለው። በየክፍሉ ከ1 እስከ 8 የተጻፈባቸው ትንንሽ መብራቶች አሉ። ገመዱ ትክክል ከሆነ ሁለቱም ክፍሎች እኩል ይቆጥራሉ። አበራችው። ይኸኛው ክፍል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ። ያኛው አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት አለ።

«አባዬ፣ ተበላሽቷል» አለች።

«ሦስትና ስድስት የማን ናቸው?»

ገመዱን አንሥታ አንደኛውን መሰኪያ አየች። ከዚያ ሁለተኛውን ወደ ብርሃኑ ያዘች። ነጩ አረንጓዴ በሙሉው አረንጓዴ ቦታ ገብቷል። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። መሰኪያውን ከነአንገቱ ቆረጠችው። የገመዱ ርዝመት አልጎደለም፤ ያቺ የስንዝር ትርፍ ነበረች።

ሁለተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ልባሱ ከሽብልቋ ሥር መግባቱን በጥፍሯ ነካክታ አረጋገጠች። ቴስተሩን አበራች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ያኛውም እንዲሁ። ዑደቱ ሦስት ጊዜ እስኪዞር ዓይኗን አላነሣችም። አባቷ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ ሳብ አደረገው። መሰኪያው አልተነቃነቀም። መለሰላት።

በነጭ ፕላስተር ቁራጭ ላይ 5 ብላ ጻፈችና አንገቱ ላይ ጠመጠመችው። የሌሎቹን አራት ቁጥሮች የጻፈው አባቷ ነው፤ የእሷ አምስት ከእነሱ ትበልጣለች፤ ትንሽም ታዘነብላለች። ገመዱን በጠረጴዛው ሥር አስኬደች፤ ጥጉ ላይ አላጠፈችውም። አንዱን ጫፍ ላፕቶፗ ውስጥ፣ ሌላውን ባዶ በቀረው ቀዳዳ ውስጥ አስገባች። ጠቅ አለ። በስዊቹ ፊት አምስተኛው መብራት በራ።

10 ሰዓት ሊሆን ነው። አባቷ የሰርቨሩ ኪቦርድ ላይ ጎንበስ ብሎ ሰዓቱን ወደ ንጋት መለሰ። አራቱ ልጆች ወንበራቸውን ሳቡ።